ፎቶውን በትልቁ አውጡልን፣ እኛ እንገጥመዋለን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን በዚሁ የአንባቢያን ዓምድ አንድ ጸሐፊ ስለ እኛ ስለ ጡረተኞች በምሬት ጽፈው አነበብኩ። ሽማግሌውም አሮጊቷም ስልክ ላይ ተደፍተው ጨዋታ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ ለልጅ ታሪክ የሚነግር ጠፋ ነው ያሉት። ምሬታቸው ይገባኛል። ግን እኔም ስልክ ላይ ተደፍተው ከሚውሉት አንዷ ነኝ፤ ታሪክም አልጠፋብኝም። እንዲያውም ስለ ገዛ ቤተሰቤ ያን ያህል ዘመን ያልሰማሁትን የሰማሁት በዚሁ ጨዋታ ነው። ስለዚህ መልስ ልስጣቸው ብዬ ተነሳሁ። ለእናንተም ጥያቄ አለኝ፤ ወደ ታች ስወርድ እነግራችኋለሁ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ድሬን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ይዘጋል። ፀሐይዋ ሰው አታስወጣም። ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ይቀመጣል። እኔ ጫት አልወድም፣ የቀን እንቅልፍም አይወስደኝም። ቬንትሌተሩን ወደ እግሬ አዞርና መነጽሬን አድርጌ ፐዝል እገጥማለሁ።

ፐዝል ስል ያንን በካርቶን የሚሸጠውን፣ ልጆች ወለል ላይ በትነው የሚገጣጥሙትን ማለቴ ነው። አሁን ካርቶኑ ቀርቶ ስልክና ኮምፒውተር ላይ መጥቷል። ድረ ገጾቹ ብዙ ናቸው። እኔ የለመድኩት ጂግሶ ፕላኔትንና ጂግሶ ኤክስፕሎረርን ነው። ገንዘብ አይጠይቁም፤ ማስታወቂያውን ብቻ መቻል ነው። የራሳቸው ሥዕል ሞልቷል። የስዊዘርላንድ ተራራ፣ ቅርጫት ውስጥ የተኛች ድመት፣ ኬክ። እሱ አንድ ሰሞን ያዝናናል፣ ከዚያ ይሰለቻል። ስንት ድመት ይገጠማል? ዋናው ነገር የራስን ፎቶ ማስገባት መቻሉ ነው። ፎቶውን ትሰጡታላችሁ፣ በስንት ቁራጭ ይሁን ይላችኋል፣ ቆራርጦ ይበትነዋል። ከዚያ ሊንኩን በቴሌግራም ለፈለጋችሁት ሰው መላክ ነው። ለትንሽ ልጅ ሃያ ምናምን ቁራጭ ይበቃል። እኔ ሁለት መቶ ካልሆነ አልጀምርም።

ይህን ያስለመደኝ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የእህቴ ልጅ ነው። በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲዘጋበት እዚያ አገር የካርቶኑ ፐዝል ከሱቅ አልቆ ነበር። ልጁ ሲያጣ ወደ ኢንተርኔቱ ዞረ። ለኔም ላከልኝ። መጀመሪያ የላከው የዓለም ካርታ ነበር፤ አክስቴ ይህን ትወዳለች ብሎ። እውነቱን ነው፣ ወደድኩት። ኋላ ላይ ሳነብ ደግሞ ጨዋታው ከኔው ሙያ የወጣ ሆኖ አገኘሁት። በ1760ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል ካርታ ቀራጭ፣ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር ቆራረጠው። ልጆች መልሰው ሲገጥሙት የትኛው አገር ከየትኛው እንደሚዋሰን ይይዙታል። ለጨዋታ ሳይሆን ለትምህርት ነው የተሠራው። በደርግ ጊዜ ይህን የነገረኝ ቢኖር ኖሮ አሥራ አራቱን ክፍለ ሀገር በካርቶን አስቆርጬ ክፍል ውስጥ እበትነው ነበር። ልጆቹ ባሌንና ሲዳሞን መለየት አቅቷቸው ስንት ቀን ተጨቃጭቀናል።

ወደ ቤተሰቡ ፎቶ ልምጣ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እዚሁ ድሬዳዋ ወርክሾፕ። አያቴም እንደዚያው። ድሬ የሐዲዱ ልጅ ናት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ሐረር ሊወጣ ነበር የታሰበው፤ ተራራው እምቢ አለ። ስለዚህ ሐዲዱ ከሥር፣ ቆላው ላይ ቀረና 1895 ላይ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ እስኪደርስ 1909 ሆኗል። ወርክሾፑ ውስጥ ያልነበረ ሕዝብ የለም። አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ አለቆቹ ፈረንሳዮች። አባቴ ፈረንሳይኛ ሳይማር በፈረንሳይኛ ይሳደብ ነበር።

አልበማችን የተቀመጠው ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ አክስቴ ቤት ነበር። የ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ሰፈሩን ሲያጥበው አልበሙም አብሮ ሄደ። አክስቴና ልጆቿ ጣራ ላይ ወጥተው ተረፉ። በዚያ ሌሊት ብዙ ሰው አልቋል። ሰው አልቆ ስለ ፎቶ ማውራት ነውር ስለሆነ፣ ለዓመታት ማናችንም አላነሳነውም።

የተረፉት ለዘመድ የተላኩት ናቸው። ድሮ ሰው ፎቶ ሲነሳ አንድ ብቻ አያሳጥብም። ለጅቡቲው፣ ለአዲስ አበባው፣ ለናዝሬቱ ዘመድ አንዳንድ ይልካል። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ ይሁንልኝ» ብሎ ይጽፋል፣ ቀን ይጽፋል፣ አንዳንዱ ግጥምም ይጨምርበታል። ስለዚህ የኛ አልበም ጠፍቶም የኛ ፎቶ በሰው አልበም ውስጥ አለ። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ሥራ ያዘ። ጅቡቲ አጎታችን ቤት የቀረውን በዘመድ አስነስቶ አስላከ። ከሮም፣ ከናዝሬት፣ ከአዲስ አበባ አሰባሰበ። እኛ ያው ፎቶዎቹን በቴሌግራም እንዲሁ ይልክልናል ብለን ጠበቅን። እሱ ግን እያንዳንዱን ፐዝል እያደረገ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይነግረን ሊንኩን ብቻ መላክ ጀመረ። «ገጥማችሁ እዩት» ነው መልሱ።

መጀመሪያ ተናደድን። ልጁ ግን ልክ ነበር። ፎቶ እንዲሁ ሲላክ ሰው ምን ያደርጋል? አየት ያደርግና «ውይ አባባ!» ይላል፣ የልብ ምልክት ያስቀምጣል፣ ያልፋል። ፐዝል ሲሆን ማለፍ የለም። ጣት የምታህለውን ቦታ ሁሉ እያገላበጣችሁ ታዩታላችሁ። ያ ቁልፍ የማን ኮት ላይ ነው? ይህ ጫማ የማን ነው? ለምን ባዶ እግሩን ነው?

የወርክሾፑን ፎቶ ልንገራችሁ። ሠራተኞቹ ሎኮሞቲቭ ፊት ለፊት በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። አባቴ መሐል ረድፍ ላይ ነው፣ ያኔ ጢም ነበረው። ይህ ፎቶ ድሮ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያደግንበት ነው፤ በቃሌ አውቀዋለሁ የምለው። ስገጥመው ከቀኝ ዳር፣ በሩ ጥላ ውስጥ፣ ብረት ትሪ የያዘች ሴት ወጣች። ብርጭቆዎቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ያን ሁሉ ዓመት ግድግዳው ላይ ሳያት አላየኋትም። ሁላችንም አላየናትም። የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማናት ማናት ተባለ። ከሁላችን የምትበልጠው እህቴ ድምፅ ላከች። በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት ናት አለች። ደመወዝ እስኪወጣ ለሠራተኛው በዱቤ ታጠጣ ነበር፤ ከዚያም አልፎ ብር ታበድር ነበር፤ አባባም ተበድሯታል፤ እናታችን ይህን ስትሰማ ለሁለት ሳምንት አኩርፋዋለች። ይህን ታሪክ እህቴ ያን ሁሉ ዘመን ይዛው ኖራለች፤ የጠየቃት ስላልነበረ አላወራችውም።

እንግዲህ ለእኚያ ጸሐፊ መልሴ ይኸው ነው። ታሪክ የሚነግር አልጠፋም፤ «እስቲ የድሮ ታሪክ ንገሩን» ሲባል ግን ሰው ምን ይነግራል? ከየት ይጀምራል? ትሪዋን አሳዩትና ጠይቁት፣ ያኔ ከየት እንደሚጀምር አይቸግረውም።

አገጣጠሙ ላይ ቤተሰቡ ተከፋፍሏል። እኔ መምህር ስለሆንኩ ከጠርዝ እጀምራለሁ። አራቱ ማዕዘን ይገኝ፣ ዳር ዳሩ ይያያዝ፣ ከዚያ ወደ መሐል። ናዝሬት ያለው ወንድሜ ፊት ፊቱን ነው የሚለቅመው። ሮም ያለችው ታናሽ እህታችን ሥርዓት የሚባል የላትም፤ ያገኘችውን ታነሳለች፣ ግን ከሁላችን ቀድማ ትጨርሳለች። አቦ ይህ ያናድዳል! ወንድሜ ደግሞ ፎቶውን ከበስተጀርባ በስሱ የሚያሳየውን ምልክት ከፍቶ እንደሚገጥም በኋላ ተደረሰበት። ከዚያ ወዲህ የሱ ሰዓት አይቆጠርለትም።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከባለቀለሙ በጣም ይከብዳል። ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ መለየት የለም፤ ሁሉም ግራጫ ነው። የድሬዳዋ ሰማይ በድሮ ፎቶ ላይ ባዶ ነጭ ነው፣ ደመና እንኳ የለውም። እሱን ለመጨረሻ አስቀርቼ በቁራጩ ቅርጽ ብቻ እሞክራለሁ። ከሰማዩ የባሰው ነጠላ ነው። አምስት ሴቶች ነጠላ ለብሰው ጎን ለጎን ከቆሙ የቱ እጥፋት የማን እንደሆነ መለየት ጣጣ ነው። የሚያዋጣው ጥለቱን መከተል ነው። ጥለቱን ስከተል ነው የአያቴን ነገር ያገኘሁት። የታላቅ እህቴ የክርስትና ዕለት የተነሱት ፎቶ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ጥለቱን ወደ ታች ለቀውታል። አያቴ ግን ጥለቱ አንገቷ ጋ ነው። ሐዘን ላይ ናት ማለት ነው። በልጅ ልጇ ክርስትና ቀን ለማን ነው ያዘነችው? ግሩፑ ላይ ስንት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያሉ የሰማንያ ምናምን ዓመት አዛውንት ዘመድ ተጠየቁ። የአያቴ ታናሽ ወንድም ከጥቂት ወራት በፊት አፍደም በምትባለው የባቡር መንገድ ከተማ ላይ ወባ ገድሎት ነበር። እንዲህ ያለ ወንድም እንደነበራት ማናችንም አናውቅም።

ደስ የማይል ነገርም ተፈጥሯል፤ ሁሉም ሳቅ ነው እንዳትሉ። ልጁ የእናታችንን የብቻዋን ፎቶ ፐዝል አድርጎ የላከ ቀን ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። «የሞተ ሰው ፊት ይቆረጣል? እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ?» አለችኝ። ስልክ ላይ ነው፣ ማንም መቀስ አላነሳም ብላትም አልሰማችኝም። የእናቷ ዓይን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተበትኖ ሲታያት ሆዷ እምቢ ብሏል። አልፈረድኩባትም። ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን፤ የሞቱ ሰዎችን የብቻ ፎቶ አናደርግም። ሰብሰብ ያሉበትን፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ሥራ ቦታ፣ እሱን እናደርጋለን። ሌላው ቤተሰብ የራሱን ደንብ ያውጣ። ግን ሳይጠየቅ የተላከ ፐዝል ሰው ሊያስለቅስ እንደሚችል ይታወቅ።

የሕዝቡ፣ የአገሩ ፎቶም አለ። አያቴ፣ ማለትም የአባቴ አባት፣ በሚያዝያ 1928 የንጉሠ ነገሥቱ ባቡር በድሬዳዋ አልፎ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ጣቢያው ላይ ነበርኩ ይሉ ነበር። እውነት ይሁን ጨዋታ ማሳመሪያ እሳቸው ያውቃሉ። ንጉሡ ከአዲስ አበባ ሚያዝያ 24 ነው የወጡት። ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ 30 እሳቸው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ ደረሱ፤ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በዚያን ጊዜ ኢየሩሳሌም የነበሩ፣ አሜሪካን ኮሎኒ የሚባለው የክርስቲያኖች ማኅበር ፎቶ አንሺዎች ያን አነሡት። ፎቶዎቹ ማትሰን ስብስብ በሚባለው ውስጥ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ድረ ገጹ ላይ ማንም ገብቶ በትልቁ ማውረድ ይችላል። አንዱን አውርጄ ቆራረጥኩት። መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ ስታዩ ዓይናችሁ ንጉሡ ላይ ይሄዳል፣ እዚያው ይቀራል። ፐዝል ላይ ግን ንጉሡ በጥቂት ቁራጭ ያልቃሉ። የሚቀራችሁ ከኋላና ከዳር የቆመው ሰው ነው። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ የራሱ ፊት አለው፤ አንዱ ወደ ንጉሡ ያያል፣ አንዱ ወደ ካሜራው። አያቴ ድሬዳዋ ላይ ቆሜ ነበር ሲሉ እንዲሁ ከዳር እንደቆመ ሰው ነው የነበሩት፤ ቢሆኑ ነው እንግዲህ።

ፎቶ መቼ እንደተነሳ ማወቅም ጨዋታ ሆኖልናል። አባቴ አዲስ አበባ ለገሃር ፊት ሱፍ ለብሶ የተነሳው ፎቶ አለ፤ ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈም። ወንድሜ «ይህ ኋላ ነው፣ በእኛ 1960 ካለፈ በኋላ» ይላል። እኔ አይደለም እላለሁ። ስንገጥመው አደባባዩ ሙሉ በሙሉ ታየ፤ አንበሳው የለበትም። የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1923ቱ ዘውድ ሰሞን ጣቢያው ፊት ቆሞ ነበር። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ የተመለሰው በፈረንጅ 1960ዎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፎቶው አንበሳው ሳይመለስ ነው የተነሳው፤ አለቀ። ሌላው ምልክት መኪና ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እስከ 1956 ድረስ በግራ ነበር የሚነዳው። የፒያሳ ወይም የቸርችል ፎቶ ካላችሁ መኪኖቹ በየት በኩል እንደሚሄዱ እዩ። በግራ ከሆነ ዕድሜውን አወቃችሁት። አዲስ አበባ ካደጉት ብዙ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም፤ ፎቶውን ግጠሙ እላለሁ።

የአፍሪካ አዳራሹን የአፈወርቅ ተክሌን የመስኮት ሥራም ሞክሬያለሁ። 150 ካሬ ሜትር ሥራ ስልክ ላይ መግጠም እብደት ነው፤ ግን ቀለሙ እንዲህ ያምር እንደነበር ቆሜ ሳየው አልታየኝም። የግንቦት 1955ቱን የአፍሪካ መሪዎች ፎቶ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ ለልጆቹ ሰጣቸው። ንክሩማን፣ ናስርን፣ ኔሬሬን፣ ሴኩ ቱሬን በኮትና በቆብ እየለዩ ያዟቸው። እኔ በትምህርት ቤት ስም ዝርዝር ነበር ያሸመደድኩት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጋዜጣችሁ በየሳምንቱ የድሮ ፎቶ ያወጣል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ፎቶው የቴምብር ያህል ናት። ሥርዋ ደግሞ «ታሪካዊ ፎቶ» ይላል። የት? መቼ? እነማን ናቸው? ማን አነሳው? ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ጀምሮ ፎቶ ያነሱት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ነበሩ። ከዚያ ዘመን የምናውቃቸው ብዙ ፎቶዎች የነሱ እጅ ናቸው። ስማቸውን ግን ከፎቶ ሥር ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። በየከተማው ስቱዲዮ ከፍተው የኖሩት ሐበሾችማ ጭራሽ አይነሱም። የኛ ፎቶዎች ጀርባ ላይ የስቱዲዮው ማኅተም አለ፤ ግማሹ በላብና በእርጥበት ጠፍቷል፣ ግን አለ።

የምለምነው ይህን ነው። ወረቀቱ ላይ ቦታ ከሌላችሁ ይሁን፣ ትንሿን አውጡ። በድረ ገጻችሁ ወይም በቴሌግራም ቻናላችሁ ግን ያንኑ ፎቶ በትልቁ፣ በጥራት አስቀምጡት። ትንሽ ፎቶ ሲቆራረጥ ይደበዝዛል፣ ምንም አይታይም። ከሥሩ የምታውቁትን ጻፉ። የማታውቁትን ደግሞ «አናውቅም» በሉና አንባቢውን ጠይቁ። ሱዶኩና የቃላት ጨዋታ ታወጣላችሁ፤ አንድ የፐዝል ሊንክ ብትጨምሩበት ምን ይከብዳል? በየአገሩ የተበተነው ሰው፣ ዲሲ ያለው፣ ሮም ያለው፣ ዱባይ ያለው፣ ያንን ከፍቶ ሲገጥም «ይህቺ እኮ አክስቴ ናት» የሚል አይጠፋም። ያኔ የሚቀጥለው ሳምንት ጽሑፍ ከአንባቢ ይመጣላችኋል። ማኅደራችሁ ውስጥ ስንት ካርቶን ፎቶ ስም ሳይጻፍበት ተቀምጦ ይሆን? ስሙን የሚያውቁት ሰዎች እንደሆነ እየሄዱብን ነው።

ለአንባቢም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፎቶ ስትጭኑ «የግል» የሚለውን ምልክት መምረጥ አትርሱ። ካልመረጣችሁት ዓለም ሁሉ ሊያየው ይችላል። የሕፃናት ፎቶ በፍጹም በግልጽ አይጫን። ሌላ ሰው ያነሳውን፣ የሌላ ሰው ንብረት የሆነውንም ፎቶ እንዲሁ አንስቶ መጫን ደግ አይደለም፤ ፈቃድ ያለውን ምረጡ፣ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ እንዲህ ያለ ብዙ አለ። የወረቀት ፎቶ በስልክ ስታነሱ የፍሬሙን መስተዋት አውጡና መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይነካው ቦታ ላይ አንሱት። ጀርባውንም አንሱ! ጽሑፉ ያለው እዚያ ነው።

ጨዋታው ለአእምሮ ይበጃል፣ መርሳትን ይከላከላል የሚሉም አሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በዚህ አልምልም። መብራት በየመሐሉ ሲጠፋና የከፈልኩበት ዳታ ሳልጠቀምበት ሲያልቅ ደሜ ከፍ እንደሚል ግን አውቃለሁ።

ካወራሁ አይቀር የራሴን ጥያቄ ላስከትል። በወርክሾፑ ፎቶ ላይ ከኋላ ረድፍ፣ ከግራ ሁለተኛ፣ ረዘም ያለ፣ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የጎደለው ሰው አለ። ነጭ ቆብ አድርጓል። ሌሎቹን ሁሉ በስም ለይተናል፣ እሱን ማንም አላወቀውም። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ድሬዳዋ ምድር ባቡር የሠሩ አንባቢያን ካላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ሲወራ ሰምታችሁ እንደሆነ በዚሁ ዓምድ ጻፉልን። አዘጋጁ ከፈቀዱ ፎቶውን በትልቁ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህርት፣ ከድሬዳዋ